ሂርና ራንጃ፦ የፑንጃብ ታሪክ ያደረበት የፍቅር ወግ

ሌሊት ነው። የቼናብ ወንዝ ሞልቷል። አንዲት ሴት እንስራ ታቅፋ ውሃው ውስጥ ትገባለች። ማዶ የሚጠብቃት ሰው ጋ በየሌሊቱ የምትሻገረው እንስራውን በደረቷ ይዛ እየተንሳፈፈች ነው። የዛሬው እንስራ ግን ተቀይሯል። የባሏ እህት በእሳት የተተኮሰውን አንስታ፣ ገና እሳት ያልነካው ጥሬ ሸክላ በቦታው አስቀምጣለች። ወንዙ መሀል ስትደርስ ጭቃው እጇ ላይ መሟሟት ይጀምራል።

ሶህኒ ትባላለች። የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፤ አንጀት የሚበላውም እሱ ነው። በአንዳንዱ አተራረክ ገና ስትነካው ጥሬ መሆኑን አውቃለች። እያወቀች ገባች።

ፑንጃብ ውስጥ ይህን ታሪክ የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። መጨረሻውንም ሁሉም ያውቀዋል። ታዲያ መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ለምን በየትውልዱ እንደ አዲስ ይጻፋል? የፑንጃቢ ሥነ ጽሑፍ ቁልፉ እዚህ ጥያቄ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬ የማወራችሁም ስለዚሁ ነው።

በአማርኛ "ታሪክ" ስንል ያለፈውን ዘመንም፣ ማታ ቁጭ ብለን የምንጨዋወተውንም ነው። ለፑንጃብ ይህ ቃል ልክ ይሆናል። እዚያ ዜና መዋዕል ነበር፤ ግን በፋርስኛ፣ ለቤተ መንግሥት የሚጻፍ ነበር። ሕዝቡ የራሱን ዘመን ያስቀመጠው በራሱ ቋንቋ ነው፦ በፍቅር ግጥም፣ በጦርነት ዘፈን፣ በቅዱሳን ገድል። ስለዚህ "ይሄ ተረት ነው፣ ያኛው ታሪክ ነው" ብሎ መስመር የሚያሰምር ሰው ግማሹን ያጣል።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቅ። ፑንጃብ ማለት በፋርስኛ "አምስት ውሃ" ማለት ነው። አምስቱ ወንዞች ጄሉም፣ ቼናብ፣ ራቪ፣ ቢያስና ሱትለጅ ናቸው። ዛሬ ምድሩ በህንድና በፓኪስታን መካከል ተከፍሏል፤ ቋንቋውን የሚናገረው ሕዝብ ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። አፈሩ ለም ነው። ከመካከለኛው እስያ ተነስቶ ዴልሂን ሊይዝ የሚመጣ ጦር ሁሉ የሚያልፈውም በዚሁ ነበር። አብዛኛውን ህንድ የገዛውን የሙጋል መንግሥት የመሠረተው ንጉሥ ባቡር መጣ፣ የፋርሱ ንጉሥ ናዲር ሻህ በ1739 መጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ከዚያ የአፍጋኑ ገዢ አህመድ ሻህ ደጋግሞ መጣ። በዚያ ዘመን የተፈጠረ አንድ የፑንጃቢ አባባል አለ፦ የበላነውና የጠጣነው የእኛ፣ የተረፈው የአህመድ ሻህ። አስቡት፤ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም፣ የነገው የዘራፊው ነው ማለት ነው። የአንድ ክፍለ ዘመን ኢኮኖሚ በአንድ መስመር ተቀመጠ።

ወደ ጽሑፉ እንግባ። ከሁሉም ቀድመው ከሚጠሩት አንዱ የ12ኛውና የ13ኛው ክፍለ ዘመን የሱፊ (ፈጣሪን በፍቅር የሚፈልግ የእስልምና መንፈሳዊ መንገድ) ሼህ ባባ ፋሪድ ነው። ከዚያ በ1469 የተወለደው ጉሩ ናናክ፣ የሲክ እምነት መሥራች፣ መጣ። ናናክ የባቡርን ወረራ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ባየው ነገር ላይ የጻፋቸው መዝሙሮች እስከ ዛሬ አሉ፤ "ሕዝቡ እንዲህ ሲያለቅስ አንተ አላመመህም?" ብሎ ፈጣሪን እስከ መጠየቅ ይደርሳል። በ1604 የሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ ሲዘጋጅ ደግሞ የሙስሊሙ የባባ ፋሪድ ግጥሞች አብረው ገቡ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

አሁን ወደ ዋናው። "ቂሳ" የሚባል የአጻጻፍ ዓይነት አለ። በግጥም የሚተረክ ረጅም ታሪክ ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የፍቅር። ቁጭ ተብሎ በዝምታ የሚነበብ አልነበረም። አንድ ማንበብ የሚችል ወይም በቃሉ የያዘ ሰው ያዜማል፣ መንደሩ ይሰማል። ከቂሳዎቹ ሁሉ የገነነው የሂርና የራንጃ ነው።

ባጭሩ እንዲህ ነው። ራንጃ የታኽት ሃዛራ መንደር ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት ወንድሞቹ ቃዲውን በጉቦ ይዘው ጥሩ ጥሩውን መሬት ወሰዱ፤ ለእሱ ጠፍ ደረሰው። ተጣልቶ ዋሽንቱን ይዞ ወጣ። ቼናብ ዳር ጀልባ አሻጋሪው "ገንዘብ ከሌለህ አትሻገርም" አለው። እንደምንም ተሻግሮ ጃንግ የምትባል ቦታ ሲደርስ የባላባቱን ልጅ ሂርን አገኘ። እሷም አባቷን አሳምና ጎሽ ጠባቂ አድርጋ አስቀጠረችው። ዓመታት አለፉ። አጎቷ፣ አንካሳው ካይዶ፣ ነገሩን አወጣው። ቤተሰቡ ሂርን ለሌላ ሰው ዳራት። ራንጃ ጆሮውን አስበስቶ፣ አመድ ተቀብቶ መናኝ ሆነ፤ በለማኝ መልክ ባሏ ቤት ደረሰ። ጠፉ፣ ተያዙ፣ ተዳኙ። በመጨረሻ ቤተሰቧ "እሺ፣ በወግ በማዕረግ እንድርላችሁ፣ ሽማግሌህን ይዘህ ና" ብሎ ራንጃን ሸኘው። እሱ ሲሄድ ሂርን በመርዝ ገደሏት። መርዶው ሲደርሰው እሱም በዚያው ሞተ።

ብዙ ሰው "የፑንጃብ ሮሚዮና ጁልየት" ይላቸዋል። አልስማማም። ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው የሁለት ቤተሰብ ደም አይደለም። መሬት ነው፣ ጉቦ ነው፣ ዘር ነው፣ "ልጄን ለእረኛ አልሰጥም" ነው። የመንደር ሥልጣን በማን እጅ እንዳለ አንድ በአንድ ያሳያል።

ደግሞ ተራኪው በተቀየረ ቁጥር ታሪኩ ይቀየራል። መጀመሪያ በፑንጃቢ የጻፈው ዳሞዳር የሚባል ሂንዱ ነው፣ በሙጋሉ ንጉሥ በአክባር ዘመን። ዳሞዳር ጃንግ ውስጥ ሱቅ ከፍቼ ነበር ይላል። በየቦታው እያቆመም "እኔ ዳሞዳር በዓይኔ አይቻለሁ" እያለ ይምላል። እንደ ምስክር ነው የሚተርከው። በእሱ ሂርና ራንጃ አይሞቱም፤ ተያይዘው ወደ መካ ይሄዳሉ።

ዋሪስ ሻህ ግን በ1766 ሲጽፈው መርዙ ገባ። የመጨረሻው መቀየር የገጣሚው ምርጫ ብቻ አይመስለኝም። ዋሪስ ሻህ የኖረበትን ዘመን ተመልከቱ። የሙጋል መንግሥት በፑንጃብ ፈርሷል፣ የአፍጋን ጦር በየዓመቱ ሊባል በሚችል ሁኔታ ይመላለሳል፣ የሲክ ጦረኞች አገሩን እየያዙ ነው። ግጥሙ ውስጥም ይህ ሁሉ አለ፤ በየቤቱ አዲስ መንግሥት ቆመ የሚል ስሞታ አለው። አንዷ ሴት በንዴት ስትጮህ እንኳ "ህንድና ፑንጃብ ከናዲር ሻህ ፊት እንደተንቀጠቀጡ" እያለ ነው የሚያናግራት። የጦርነቱን ታሪክ ልጻፍ ብሎ አልተነሳም። ጦርነቱ ግን ምሳሌው ውስጥ፣ ስድቡ ውስጥ፣ የሰዎቹ አነጋገር ውስጥ ገብቷል።

እኔ በግሌ ከፍቅሩ ይልቅ ክርክሩን ነው የምወድለት። በተለይ የኒካሁን ቦታ። ቃዲው ሂርን ሊያጋባ ይመጣል። እሷ እምቢ ትላለች። ማልቀስ ብቻ አይደለም፤ በራሱ ሕግ ትሞግተዋለች። ያለ ፈቃዴ ጋብቻ የለም፣ ለሰው የገባሁትን ቃል አፍርሼ ለፈጣሪ ምን ልመልስ ነው ትለዋለች። ቃዲው ይቆጣል፣ በሲኦል ያስፈራራል፤ መልስ ግን የለውም። መልስ ሲያጣ ምን አደረገ? ምስክር ጠርቶ ያለ ፈቃዷ ኒካሁን አሰረው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ሙስሊም ገጣሚ፣ መስጊድ ተጠግቶ እየኖረ፣ እንዲህ ያለ ነገር በአንዲት የመንደር ልጅ አፍ አስገብቶ ጽፏል። መንደሩም በዜማ ተቀብሎታል።

ደግሞ ሌላ ንብርብር አለው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ሰሙ ሂርና ራንጃ ናቸው፤ ወርቁ ነፍስና ፈጣሪ። ሱፊዎቹ እንዲህ ነው የሚሰሙት። የካሱሩ ገጣሚ ቡሌ ሻህ (በ1757 አካባቢ ያረፈ) በሂር አፍ "ራንጃ፣ ራንጃ ስል እኔው ራንጃ ሆንኩ" ብሎ ዘምሯል፤ ከእንግዲህ ሂር ብላችሁ አትጥሩኝ ይላል። ፍቅረኛዋን ነው ወይስ ፈጣሪን? ሁለቱንም ነው። መስመሩ እስከ ዛሬ በሱፊ መቃብሮችም በሰርግ ቤትም ይዘፈናል።

የጦርነት ዘፈኑን ባጭሩ ልለፈው። "ቫር" ይባላል። ዳዲ የሚባሉ ዘፋኞች ትንሽ የእጅ ከበሮና፣ እንደ መሲንቆ በደጋን የሚገዘገዝ ሳራንጊ ይዘው ያዜሙታል። የናዲር ሻህን ወረራ የሚተርክ ቫር አለ። ከዚህ ወገን የሚያስገርመኝ ግን የሻህ ሙሐመድ የጦርነት ግጥም ነው። ፑንጃብ ከ1799 ጀምሮ በራንጂት ሲንግ ሥር አንድ መንግሥት ሆና ነበር። እሱ በ1839 ሲሞት ቤተ መንግሥቱ እርስ በርስ ተበላላ፣ እንግሊዞች መጡ፣ በ1849 አገሪቱን ጠቀለሉ። ሻህ ሙሐመድ ሙስሊም ነው፤ የወደቀው የሲክ መንግሥት ነው። እሱ ግን "እኛ" እያለ ነው የሚያለቅሰው። አንድ ሰው በማጣታችን ያሸነፈው ጦር መልሶ ተሸነፈ ይላል። ሂንዱ፣ ሙስሊምና ሲክ አብረው በሰላም ይኖሩ እንደነበርም ይተርካል፤ በመካከላቸው ሦስተኛ ወገን እስኪገባ ድረስ።

እንግሊዞች ሲገቡ ለመንግሥት ሥራና ለትምህርት ቤት የመረጡት ኡርዱን ነው። ስለዚህ ብዙ የፑንጃብ ጸሐፊ ቤቱ በፑንጃቢ ያወራል፣ በኡርዱ ይጽፋል። ቂሳው ግን አልሞተም። ማተሚያ ቤት ሲመጣ በርካሽ ትንንሽ መጽሐፍ እየታተመ በየገበያው ተሸጠ። ቋንቋውን ያለ መንግሥት ድጋፍ ያቆየው በአብዛኛው እሱ ነው።

ከዚህ ዘመን አንድ ሰው ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ሚያዝያ 13 ቀን 1919 አምሪትሳር ውስጥ፣ ጃሊያንዋላ ባግ በሚባል በግንብ በታጠረ ሜዳ ላይ፣ የእንግሊዝ ጦር መሣሪያ ባልያዘ ሕዝብ ላይ ተኮሰ። መንግሥት 379 ሞቱ አለ፤ ህንዳውያን ከ1000 በላይ ይላሉ። ናናክ ሲንግ የሚባል የ20ዎቹ መጀመሪያ ወጣት እዚያ ነበር። ራሱን ስቶ ሬሳ መሀል ወደቀ፤ አብረውት የነበሩት ሁለቱ ጓደኞቹ ሞቱ። በዓመቱ፣ በ1920፣ ያየውን በረጅም ግጥም ጻፈው። እንግሊዞች አገዱት፣ ቅጂዎቹን ሰበሰቡ፤ ግጥሙ ለአሥርተ ዓመታት ጠፍቶ ቆየ። ሰውየው ግን መጻፉን አላቆመም፤ ከፑንጃቢ ልቦለድ አባቶች አንዱ ሆነ።

ከዚያ 1947 መጣ።

ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ፑንጃብም ለሁለት ተቆረጠ። ድንበሩን ያሰመረው ራድክሊፍ የሚባል እንግሊዛዊ ጠበቃ ከዚያ በፊት ህንድን ረግጦ አያውቅም፤ የተሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ያህል ነበር። መስመሩ የታወጀው ነሐሴ 17 ነው፣ ነፃነቱ ከታወጀ ከሁለት ቀን በኋላ። ሙስሊሙ ወደ ምዕራብ፣ ሂንዱውና ሲኩ ወደ ምሥራቅ ተነቀለ። በመላው ክፍለ አህጉር ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ተፈናቀለ። በብዙ መቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞተ፤ አንድ ሚሊዮንና ከዚያ በላይ የሚሉም አሉ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ተጠለፉ።

አምሪታ ፕሪታም ያኔ የ28 ዓመት ሴት ነበረች። ከሲክ ቤተሰብ ናት፣ ላሆር ነው ያደገችው። እንደ ሌላው ሁሉ ቤቷን ጥላ ወደ ህንድ ተሻገረች። አንድ ሌሊት ከዴራዱን ወደ ዴልሂ በሚሄድ ባቡር ላይ፣ ውጭው ጨለማ ሆኖ፣ ግጥም ጻፈች። ለማን? መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል መቃብር ውስጥ ለተኛው ለዋሪስ ሻህ። ተነስ ትለዋለች። አንዲት የፑንጃብ ልጅ ብታለቅስ ያን ሁሉ ጻፍክላት፤ ዛሬ መቶ ሺዎች እያለቀሱ ነው፣ ተነስና ያንን መጽሐፍህን ሌላ ገጽ ግለጥ። አምስቱ ወንዞች መርዝ ሆነዋል፣ ቼናብ በደም ሞልቷል።

መርዙን ልብ በሉት። ዋሪስ ሻህ ለአንዲት ሂር ያጠጣትን መርዝ አምሪታ ወንዙ ሁሉ ውስጥ ጨመረችው። የምታነቡት ግጥም ስለ 1947 ነው፤ ግን ሂርን የማያውቅ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚሰማው። መግቢያዬ ላይ መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ለምን እንደሚደጋገም የጠየቅኩት ለዚህ ነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ታሪክ ሲኖር፣ አዲስ መከራ ሲመጣ ከዜሮ አትጀምርም። አንድ ስም ትጠራለህ፣ አገር ይገባዋል።

ግጥሙ ሲወጣ ስድብም ወረደባት። ሲኮቹ "ለምን ጉሩ ናናክን አልጠራሽም?" አሏት። ኮሚኒስቶቹ "ለምን ሌኒንን?" አሏት። እሷ ሙስሊሙን ገጣሚ ነው የጠራችው። ባባ ፋሪድን ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው። ግጥሙ በዘር በሃይማኖት ሳይከፋፈል ለዘመናት ቆይቷል፤ አምሪታ ያደረገችው የቆየውን ልማድ መቀጠል ነው። ድንበሩ ነው እንግዳው። በ1950 ደግሞ "ፒንጃር" የሚለውን ልቦለዷን አወጣች፤ ስለ ተጠለፈች፣ ከጠላፊዋ ብታመልጥም ቤተሰቧ አንቀበልሽም ስላላት ልጅ ነው። ርዕሱ "አጽም" ማለት ነው።

ሳዳት ሐሰን ማንቶንም ሳታነቡ እንዳትቀሩ። የተወለደው ከዛሬው ድንበር በህንድ በኩል ነው፣ የሞተው ላሆር በ1955፣ የጻፈው በኡርዱ። አንድ አጭር ልቦለዱ ላይ ሁለቱ መንግሥታት የአእምሮ ሕሙማንን እንኳ በሃይማኖት ይለዋወጣሉ። አንድ ሽማግሌ ሲክ "የእኔ መንደር የት ደረሰች? ህንድ ናት ፓኪስታን?" እያለ ሁሉንም ይጠይቃል። የሚመልስለት የለም። በሁለቱ የሽቦ አጥር መሀል ባለችው ስም የለሽ መሬት ላይ ተደፍቶ ይሞታል።

ከድንበሩ በኋላ የመጣ ሌላ ጉዳት አለ፤ እሱ ደም ስለሌለው ብዙ አይወራም። ፊደሉ ነው። የህንዱ ፑንጃብ ጉርሙኪ በሚባል ፊደል ይጽፋል፤ "ከጉሩ አፍ የወጣ" ማለት ነው። እንደ እኛ ፊደል አናባቢው ተነባቢው ላይ ተቀጥሎ ነው የሚጻፈው። የፓኪስታኑ ፑንጃብ ደግሞ ሻህሙኪ በሚባል፣ ከአረብኛና ፋርስኛ በመጣ ፊደል ይጽፋል። ሁለት ፑንጃቢዎች ዱባይ ታክሲ ውስጥ ቢገናኙ ሲጨዋወቱ ያመሻሉ። አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ግን ማንበብ አይችልም። በህንድ በኩል ከ1966 ጀምሮ ቋንቋው የራሱ ክልል አለው፤ በፓኪስታን በኩል ብዙው ሕዝብ አፉን የፈታበት ቋንቋ ሆኖ ትምህርት ቤት ግን ኡርዱና እንግሊዝኛ ነው የሚማረው። ካናዳ ውስጥ የሚሰጥ ዳሃን የሚባል የፑንጃቢ ልቦለድ ሽልማት አለ፤ በሁለቱም ፊደል የተጻፈውን ይቀበላል፣ የተመረጠውን መጽሐፍም ወደ ሌላኛው ፊደል ያስገለብጣል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ለእኔ ግን ትልቅ ሥራ ነው።

አንድ የመጨረሻ ምሳሌ። ፑራን የሚባል ልዑል የድሮ ታሪክ አለ። የዮሴፍንና የጲጥፋራን ሚስት ታሪክ የሚያውቅ ወዲያው ይገባዋል። ሽማግሌው ንጉሥ ሎና የምትባል ወጣት ያገባል። ሎና የእንጀራ ልጇን ፑራንን ትመኛለች፣ እምቢ ሲላት ደፈረኝ ብላ ትከሰዋለች። ንጉሡ የልጁን እጅና እግር አስቆርጦ ጉድጓድ ውስጥ ያስጥለዋል፤ በኋላ አንድ መናኝ ያድነዋል። ለዘመናት ሎና የክፉ ሴት መጠሪያ ነበረች።

በ1965 ሺቭ ኩማር ባታልቪ ይህንኑ በግጥም ድራማ ጻፈውና ታሪኩን ከእሷ በኩል አየው። ገና ልጅ የሆነች የድሃ ሰው ልጅ ለአባቷ እኩያ ስትሰጥ ማን ጠየቃት? ፑራን እኮ የእሷ እኩያ ነው። ባሏ በጉልበቱ ሲያገባት ኃጢአት ካልሆነ፣ የእሷ ምኞት ብቻ ለምን ኃጢአት ሆነ? ለዚህ ሥራው በ1967 የህንድን የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ ሽልማት አገኘ። ሲሞት 36 ዓመቱ ነበር። እሱም በ1947 ከተወለደበት መንደር የተነቀለ ልጅ ነው።

መጀመር የሚፈልግ ካለ ከማንበብ በፊት ይስማ። የዋሪስ ሻህ "ሂር" የራሱ የታወቀ ዜማ አለው፤ ዩቲዩብ ላይ ከሁለቱም አገር ዘፋኞች ፈልጋችሁ አወዳድሩት። ቃሉ ባይገባችሁም ኒካሁ ጋ ሲደርስ ድምፁ ይነግራችኋል።

ጃንግ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ናት። ከተማዋ ዳር ሂርና ራንጃ አንድ ላይ የተቀበሩበት ነው የሚባል፣ ጉልላቱ አናቱ ላይ ክፍት የሆነ መቃብር አለ። ሰው ስለት ይዞ ይሄዳል፤ በተለይ ፍቅር የያዛቸው። ዘመዶቿ ለክብራቸው ብለው የመረዟት ልጅ አሁን እዚያ በስሟ ብቻ አትጠራም። "ማኢ ሂር" ነው የሚሏት፣ እመት ሂር እንደማለት።